ማን ይጎትታል፣ ማን ይጨርሳል

ከቃሊቲ ወደ አቃቂ ድልድይ የሚወርደውን መንገድ በማለዳ የያዘ ሾፌር፣ ከሲኖትራክና ከፋብሪካ ሰርቪስ ሌላ ሯጮች ያጋጥሙታል። ለአዲስ አበባ ሯጭ አቃቂ ቆላው ነው። እንጦጦ ጫካ ውስጥ ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ ሲሮጥ የሰነበተ እግር 2,100 ሜትር ገደማ ወደሆነው ወደዚህ ሜዳማ አገር ሲወርድ ትንፋሹ ይበረክትለታል፣ ሙቀቱም ሰውነቱን ቶሎ ያፍታታዋል። ስለዚህ ፍጥነት የሚጠይቀው ልምምድ ብዙ ጊዜ እዚህ ይሠራል። ቡድኑ በረድፍ ሆኖ ይሮጣል። ማን ስንተኛውን ኪሎ ሜትር እንደሚመራ ገና ሳይነሱ ተነግሯል። ተራው የደረሰ ከፊት ወጥቶ ነፋሱን ይቀበላል፤ ድርሻውን ሲጨርስ ወደ ዳር ፈቀቅ ብሎ ጭራ ይይዛል። አሰልጣኙ በመኪና እየተከተሉ ሰዓት ይጠራሉ፣ ውሃ ያቀብላሉ። ተራው ያልደረሰ ልጅ ጉልበት ስለተረፈው ብቻ ሾልኮ ቢወጣ ይቆጡታል። አካባቢው የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ፋብሪካ ሰፈር ነው፤ ሠራተኛ በፈረቃ ሲገባና ሲወጣ ኖሯል፤ ሯጮቹም የሚሠሩት በፈረቃ ነው።

ፈረቃው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ከፊት የሚሮጥ ሰው ግን ከነፋሱ ሌላ ሐሳብም ይሸከማል። ፍጥነቱን የሚወስነው እሱ ነው፤ ከኋላው ማን ምን እያሰበ እንደሆነ የማያየውም እሱ ነው። ተከታዩ የፊተኛውን እግር እያየ ጭንቅላቱን አሳርፎ ይሄዳል። አሥር ሺህ ሜትር 25 ዙር ነው። አንድ አገር በኦሊምፒክ የምታሰልፈው ሦስት ሰው፣ ወርቁ ደግሞ አንድ። ሥራ ማከፋፈል ሲባል ታዲያ ከባዱ ነገር ማን ስንት ዙር ይምራ የሚለው አይደለም። ማን ከሥራ ነፃ ሆኖ ለመጨረሻው ዙር ይቀመጥ የሚለው ነው። የኢትዮጵያ ሯጮች ይህንን ከስልሳ ዓመት በላይ በየመልኩ ሲመልሱት ኖረዋል፤ ሳይመልሱት የቀሩ ጊዜም ዋጋ ከፍለውበታል።

መጀመሪያ ላይ ጥያቄው ራሱ አልነበረም። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ሮም ላይ ለማራቶን የተሰለፉት ሁለት አበበዎች ነበሩ፤ አበበ ቢቂላና አበበ ዋቅጅራ። ስዊድናዊው አሰልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ለቢቂላ የሰጡት ምክር ስለ ባላንጣ እንጂ ስለ ጓደኛ አልነበረም፤ የሞሮኮውን ራዲ ቤን አብደሰላምን ጠብቅ፣ ቁጥሩ 26 ነው። ራዲ በዚያ ምሽት 185 ቁጥር ለብሶ መጣ። ቢቂላ ጎን ለጎን አብሮት እየሮጠ 26 ቁጥርን ከፊቱ ሲፈልግ ቆየ፤ በመጨረሻ ከአክሱም ሐውልት አጠገብ አፈትልኮ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ በባዶ እግሩ ገባ። ዋቅጅራ ሰባተኛ ሆነ፤ ያን ጊዜ ለማንም አገር የሚያኮራ ውጤት ነው፤ ግን ሁለቱ አበበዎች የየራሳቸውን ሮጡ። ቶኪዮም እንዲሁ ነበር። በ1957 ዓ.ም. ጥቅምት ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ብቻውን ሄደ፣ ብቻውን አሸነፈ። በአሥር ሺህ ሜትር ደግሞ ማሞ ወልዴ የሚባል የክብር ዘበኛ ወታደር አራተኛ ወጣ።

ሥራው ከአንድ ሰው ወደ ሌላ ሲተላለፍ መጀመሪያ የታየው ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ ነው። ማሞ ከአንድ ሳምንት በፊት በአሥር ሺህ ሜትር ከኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ ቀጥሎ የብር ሜዳልያ ወስዷል፤ ከማራቶን ውጭ ኢትዮጵያ ያገኘችው የመጀመሪያው ሜዳልያ ነበር። በማራቶኑ ግን ማሞ የተሰለፈው በአበበ ጥላ ሥር ነው። ዓለም የሚጠብቀው ሦስተኛውን የአበበ ድል ነው። አበበ ደግሞ እግሩን ታሞ ነው የገባው። 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋርጦ ወጣ። ከመውጣቱ በፊት ወደ ማሞ ዞሮ፣ እኔ አልጨርስም፣ ይህን ሩጫ የምታሸንፈው አንተ ነህ እንዳለው ይተረካል። ሁለቱም የአንድ ጦር ክፍል ልጆች ናቸው፤ አበበ በማዕረግም በስምም የበላይ ነው፤ ከእሱ አፍ የወጣ ቃል ምክር ይሁን ትእዛዝ መለየት ያስቸግራል። ማሞ ከጃፓናዊው ኬንጂ ኪሚሃራ ሦስት ደቂቃ ቀድሞ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ገባ። ያው ማራቶን ላይ ሦስተኛው ኢትዮጵያዊ መርዓዊ ገብሩ ስድስተኛ መውጣቱን የሚያስታውስ ሰው ዛሬ ጥቂት ነው።

ሙኒክን በአጭሩ እንለፈው። ማሞ በአርባ ዓመቱ የማራቶን ነሐስ ወሰደ። ከአቃቂ ቁልቁል በዚያው መንገድ ደብረ ዘይት ከሚገኘው አየር ኃይል የወጣ ቀጭን ሰው ደግሞ በአሥር ሺህ ሜትር ነሐስ አጠለቀ፤ ምሩፅ ይፍጠር። ለአምስት ሺህ ሜትሩ ማጣሪያ በሰዓቱ ሳይደርስ ቀረ፤ የቀረበት ምክንያት እስከ ዛሬ በየዓይነቱ ይወራል። በ1968 ዓ.ም. ሞንትሪያል ኢትዮጵያ ከብዙ የአፍሪካ አገሮች ጋር ሆና ውድድሩን ተወች፤ ኒውዚላንድ የራግቢ ቡድኗን ወደ ዘረኛዋ ደቡብ አፍሪካ በመላኳ። የምሩፅ ጥሩ ዕድሜ በዚያ አለፈ ተባለ። ደግነቱ የምሩፅን ዕድሜ በትክክል የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ሞስኮ መጣ። የኢትዮጵያ የቡድን ሩጫ በደንብ የተወለደው ሐምሌ 20 ቀን 1972 ዓ.ም. ነው ብል የሚከራከረኝ ብዙ አይመስለኝም። በአሥር ሺህ ሜትር ፍጻሜ ሦስት አረንጓዴ ማልያ ተሰለፈ፤ ምሩፅ፣ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ። ዋናው አሰልጣኝ ንጉሤ ሮባ ነበሩ። ከነሱ ፊት ላሴ ቪረን አለ፤ በሙኒክና በሞንትሪያል አምስት ሺውንም አሥር ሺውንም ጠቅልሎ የወሰደው ፊንላንዳዊ። ቪረን የሚወደው ሩጫ ዝግ ብሎ ሄዶ ሄዶ ቀስ በቀስ የሚፈጥነውን ነው። ሦስቱ ያን ሩጫ ከለከሉት። አንዱ ወጥቶ ያፈጥናል፣ ያቀዘቅዛል፤ ሌላው ይቀበለዋል፣ እንደገና ያፈጥናል። ለአውሮፓ ሯጭ እንዲህ ያለው ቁርጥርጥ ፍጥነት እግር ይሰብራል፤ በየዙሩ ሐሳብ መቀየር ይጠይቃል። ምሩፅም ተራውን እየወጣ ሠርቷል፤ ግን ሦስቱም የሚያውቁት ነገር ነበር፤ የመጨረሻው 300 ሜትር የእሱ ነው። 300 ሜትር ሲቀር ተፈተለከ። በ27 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ ከ69 ማይክሮ ገባ። መሐመድ ሦስተኛ፣ ቶሎሳ አራተኛ፣ ቪረን አምስተኛ። በመሐመድና በምሩፅ መካከል የገባው ካርሎ ማኒንካ የተባለ ሌላ ፊንላንዳዊ ነው፤ እሱም በኋላ ከውድድሩ በፊት ደም መውሰዱን ራሱ ተናገረ። ያን ጊዜ አልተከለከለም ነበርና ብሩ እጁ ላይ ቀረ። መሐመድ ይህን ሲሰማ ምን እንዳለ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ከአምስት ቀን በኋላ፣ ሐምሌ 25፣ የአምስት ሺህ ሜትር ፍጻሜ ሆነ። በመጨረሻው ዙር ምሩፅ ታጠረ። ከውስጥ መስመር ላይ ነው፤ ከፊቱ ሰው፣ ከጎኑ ሰው። ከፊቱ ያለው ሰው መሐመድ ከድር ነበር። 300 ሜትር ሲቀር መሐመድ ፈቀቅ አለለት። በዚያች ስንጥቅ ምሩፅ ወጣ፣ ታንዛኒያዊውን ሱሌማን ኒያምቡይንም ማኒንካንም ቀድሞ ሁለተኛውን ወርቅ አነሳ። መሐመድ ሜዳልያ ውስጥ አልገባም። ሕዝቡ በሬዲዮ ማርሽ ቀያሪውን ምሩፅን ሲያሞካሽ፣ ማርሹ የሚቀየርበትን መንገድ የለቀቀው ሰው ስም እምብዛም አልተጠራም። ፈቀቅ ማለት በውጤት ወረቀት ላይ አይጻፍም። እኔ ግን የእነዚያን ዓመታት ሩጫ ሳስብ ቀድማ የምትመጣልኝ እርምጃ ያቺ የመሐመድ አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ ናት።

ይህ ሰው ታዲያ ጎታች ብቻ ሆኖ አልቀረም። የዓለም አገር አቋራጭ ውድድር ያን ጊዜ በአዋቂ ወንዶች የስድስት ሰው ደረጃ ተደምሮ የሚሸለም ነበርና ለኢትዮጵያውያን የተሠራ ይመስል ነበር፤ ሥራ ማከፋፈል በሕጉ ውስጥ አለ። በ1973 ዓ.ም. ማድሪድ ላይ የኛ ልጆች በጅምላ ተገንጥለው ሄዱ፤ ሄደውም ዙሩ ያለቀ መስሏቸው አንድ ዙር እየቀረ የመጨረሻውን ሽቅድምድም አደረጉ። አንድ ዙር ይቀራል ሲባሉ እግራቸው አልቋል። አሜሪካዊው ክሬግ ቨርጂን ከኋላ መጥቶ አሸነፈ፣ መሐመድ ሁለተኛ ሆነ፤ የቡድኑ ዋንጫ ግን ያም ሆኖ ወደ አዲስ አበባ መጣ። በዓመቱ ሮም ላይ ዙሩን በትክክል ቆጠሩ፤ መሐመድ ከድር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ዋንጫውን ኢትዮጵያ እስከ 1977 ዓ.ም. አምስት ዓመት ተከታታይ አላስነካችም።

ከሞስኮ በኋላ በ1976ም በ1981ም ኢትዮጵያ ከኦሊምፒክ ቀረች። የሞስኮን ሥራ የሚያውቀው ትውልድ ሌላ ኦሊምፒክ ሳያይ አረጀ። ስለዚህ ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ ደራርቱ ቱሉ በአሥር ሺህ ሜትር ስትሮጥ ከባላንጣዋ ጋር የተፋጠጠችው ብቻዋን ነበር፤ የሥራ ጥያቄውም ከሌላ አገር ሰው ጋር ሆነ። ደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ሜየር ተገንጥላ ስትወጣ ደራርቱ ብቻ ተከተለቻት። ሜየር እንድትጎትትላት ምልክት ሰጠቻት። ደራርቱ ከኋላ አልወጣ አለች። የመጨረሻው ዙር ሲደርስ ግን ጥላት ሄደች። ሁለቱ ሴቶች ከዚያ በኋላ ተያይዘው ሜዳውን የዞሩበት ፎቶግራፍ ዓለምን ዞሯል፤ ያለዕርዳታ ያን ያህል ዙር መጎተት ምን እንደሚያስከፍል ግን የሜየር እግር ነው የሚያውቀው።

የቡድን ሥራው እንደገና የተነሣው በዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ ጊዜ ነው። ሃንጋሪ ተምረው የመጡ፣ በሜዳ ቁጣቸው የታወቁ፣ ልጆቻቸው ከሩቅ ሲያዩዋቸው ቀበቷቸውን የሚያጠብቁላቸው ሰው ነበሩ። በእሳቸው ሥር በ1993 ዓ.ም. መስከረም ሲድኒ ኦሊምፒክ ላይ በአሥር ሺህ ሜትር ደራርቱና ጌጤ ዋሚ አንደኛና ሁለተኛ ወጡ። በወንዶቹ ኃይሌ ገብረሥላሴ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ ቀደመው፣ አሰፋ መዝገቡ ነሐሱን ያዘ። ኬንያውያኑ ሁለተኛ፣ አራተኛና አምስተኛ ነበሩ፤ በቁጥር አልተበለጡም፣ በአንድ ደረት ነው የተበለጡት። በዚያው ዓመት ነሐሴ ኤድመንተን የዓለም ሻምፒዮና ላይ በአሥር ሺህ ሜትር እንግሊዛዊቷ ፖላ ራድክሊፍ በመጨረሻው ዙር ወጥታ ብትሞክርም ደራርቱ፣ ብርሃኔ አደሬና ጌጤ ሦስቱንም ሜዳልያ ጠርገው ወሰዱ፤ ፖላ አራተኛ ቀረች።

ነሐሴ 18 ቀን 1995 ዓ.ም. ሰንደኒ፣ ፓሪስ ዳርቻ፣ የዓለም ሻምፒዮና። ኃይሌ ሠላሳ ዓመቱ ነው። ቀነኒሳ በቀለ ሃያ አንድ። ስለሺ ስህን ሦስተኛው። የመጀመሪያው አምስት ሺህ ሜትር ለነሱ ሽርሽር ነበር፣ 13 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ አካባቢ። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር በአሥር ሺህ ሜትር ታሪክ ያልተለመደ ነው፤ ሁለተኛውን አምስት ሺህ በ12 ደቂቃ ከ57 ሰከንድ ጨረሱት። በዚያ ሰዓት ከጥቂት ዓመታት በፊት የአምስት ሺህ ሜትር የዓለም ሻምፒዮን መሆን ይቻል ነበር፤ እነሱ አምስት ሺህ ሜትር ሮጠው ነው የጀመሩት። ከዚያ ፍጥነት ውስጥ አብዛኛውን ከፊት ሆኖ የመራው ኃይሌ ነው። የአራት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን፣ የሁለት ጊዜ የኦሊምፒክ ባለ ድል፣ ለአዲሱ ልጅ ነፋስ ሲከላከል ዋለ ማለት ነው። ለማሸነፍ አልሮጠም ማለቴ አይደለም፤ ኃይሌ ሸብረክ ብሎ ወርቅ የሚሰጥ ሰው አልነበረም። ግን በመጨረሻው ዙር ፈጣን እግር ያለውን ልጅ ከኋላው ይዞ ያን ያህል ፍጥነት መጎተት ወርቁን ወዴት ሊወስደው እንደሚችል ከማንም በላይ ያውቃል። ቀነኒሳ በ26 ደቂቃ ከ49 ሰከንድ ከ57 ማይክሮ፣ ኃይሌ ከአንድ ሰከንድ ትንሽ ዘግይቶ፣ ስለሺ ሦስተኛ። አረንጓዴው ጎርፍ የሚለው የኢትዮጵያ ሯጮች ስም ከዚህ በላይ የሚስማማው ሩጫ አላየሁም።

በዓመቱ፣ ነሐሴ 14 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ አቴንስ ላይ ሥራው ተገለበጠ። ኃይሌ የቁርጭምጭሚቱ ጅማት ታሞበታል። ቀነኒሳና ስለሺ ከፊት ናቸው፤ በየመሀሉ አንገታቸውን አዙረው ኃይሌን ይፈልጋሉ፤ ፍጥነቱን ያላላሉ፤ እሱ ሲደርስ ይቀጥላሉ። በኦሊምፒክ ፍጻሜ ባላንጣን መጠበቅ የሚባል ነገር የለም፤ እነሱ ግን ጠበቁ። ለወርቅ የሚሮጡ ሁለት ልጆች ለታላቃቸው ነሐስ ለማትረፍ ነበር የሚሠሩት። አልተሳካም። ኃይሌ አምስተኛ ወጣ፤ ነሐሱን የወሰደው ኤርትራዊው ዘርዕሰናይ ታደሰ ነው፣ የአገሩን የመጀመሪያ የኦሊምፒክ ሜዳልያ። ቀነኒሳና ስለሺ አንደኛና ሁለተኛ ገቡ። ውጤቱን ብቻ ካየነው የመጠበቁ ሥራ ኪሳራ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ግን ከወርቁ እኩል የተወራው እሱ ነበር።

ስለሺን እዚህ ላይ ትንሽ ማቆየት እፈልጋለሁ። በአቴንስ ብር፣ በ1997 ሄልሲንኪ ብር፣ በ1999 ኦሳካ ብር፣ በ2000 ቤጂንግ ብር፤ አራቱም በአሥር ሺህ ሜትር፣ አራቱም ከቀነኒሳ ቀጥሎ። ኦሳካና ቤጂንግ ላይ የቀነኒሳ ጉልበት ቢያልቅ ወርቁን የሚያነሣ እግር ነበረው። ለሁለተኛነት ብቻ የተፈጠረ ሰው አልነበረም፤ ጎን ለጎኑ የቆመው ሰው ግን ቀነኒሳ ነበር። የሩጫ ጸሐፊዎች ስለሺን የምንጠቅሰው አብዛኛውን ጊዜ የጥሩነሽ ዲባባ ባል ስንል ነው፤ ይህ ለእሱ አይገባውም።

ከጥሩነሽ ጋር ደግሞ ሌላው ገጽ ይመጣል። ሄልሲንኪ ላይ ኢትዮጵያውያት በአምስት ሺህ ሜትር ከአንደኛ እስከ አራተኛ ወጡ፤ ጥሩነሽ፣ መሠረት ደፋር፣ እጅጋየሁ ዲባባ፣ መሰለች መልካሙ። ከሦስት ዓመት በኋላ ቤጂንግ ላይ ግን ያው ርቀት 15 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ፈጀ። በዚያ ደረጃ ላሉ ሴቶች ሶምሶማ ነው። ጥሩነሽና መሠረት ሁለቱም የዓለም ምርጥ ጨራሾች ነበሩ፤ ሁለቱም ለመጨረሻው ዙር የተቀመጡ፤ አንዳቸው ለሌላዋ ነፋስ ልትቀበል አልፈለገችም። በዕለቱ ጥሩነሽ አንደኛ፣ መሠረት ሦስተኛ ገቡ፤ መሀል ላይ ለቱርክ ትሮጥ የነበረችው ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ኤልቫን አቤይለገሰ ነበረች፤ የእሷ ውጤት ግን በኋላ ተሰርዞ ብሩ ለመሠረት ሆኗል። አንድ ቡድን ውስጥ ሁለት ጨራሽ ሲኖር ጎታች ይጠፋል።

ከዚህ በኋላ በዓለም ሩጫ ላይ የተለወጠ ነገር አለ፣ አቃቂ መንገድ ላይም ይታያል። የሞስኮ ሦስቱ ደሞዛቸውን ከመንግሥት ይቀበላሉ፤ አሰልጣኝ ያለው ትእዛዝ ነው። የዛሬው ሯጭ ክለብ ቢኖረውም ማናጀር አለው፣ ከጫማ ኩባንያ ጋር ውል አለው፤ ውሉ ለደረጃ ይከፍላል፣ ፈቀቅ ለማለት አይከፍልም። ለብሔራዊ ቡድን የሚመረጡት ሦስቱ ከውድድሩ ሳምንታት በፊት ብዙ ጊዜ ባሕር ማዶ ለዚያች ቦታ እርስ በርስ ተናጥቀው ነው የሚመጡት፤ ከዚያ በኋላ ቡድን ሁኑ ይባላሉ። መጎተት ራሱ ደግሞ የሙያ ዘርፍ ሆኗል። ከአቃቂ ረድፍ ውስጥ ከፊት ወጥተው ኪሎ ሜትሩን በተባለው ሰዓት የሚያስኬዱ ልጆች ለሴት ማራቶን ሯጮች ያሯሩጣሉ፤ ሰዓት ሳያዛንፍ የሚያስኬድ ልጅ ስሙ ይጠራል፣ ቪዛ ያገኛል፣ በውጭ ማራቶን ላይ እስከ 30 ኪሎ ሜትር ድረስ አሯሩጦ ተከፍሎት ይወጣል። ትዕግሥት አሰፋ መስከረም 2016 ዓ.ም. በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ስትሮጥ ወንዶች አብረው በሚሮጡበት ውድድር ነበር፤ እንዲህ ያለው ሰዓት ያለ አሯሯጭ አይመጣም። በኦሊምፒክ ግን የተቀጠረ አሯሯጭ የለም። እዚያ የሚጎትትልህ አብሮህ የተመረጠው ባላንጣህ ነው።

በመሀሉ ሞ ፋራህ የሚባል ፈተና ለዓመታት ቆየ። እንግሊዛዊው በቀስታ ሩጫ ማንንም ይበላ ነበር። ለንደን ኦሊምፒክ ላይ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ በአሥር ሺህ ሜትር ቀነኒሳና ወንድሙ ታሪኩ ሁለቱም አጠገቡ ነበሩ፤ ሩጫው ዝግ ብሎ አለቀ፣ ታሪኩ ሦስተኛ፣ ቀነኒሳ አራተኛ። ከዚያ በኋላ ሰውየው በዓለም ሻምፒዮና የተሸነፈው በ2009 ዓ.ም. ነሐሴ፣ እዚያው ለንደን፣ በአምስት ሺህ ሜትር ነው። ዮሚፍ ቀጀልቻ ከፊት ወጥቶ ሠራ፤ ሙክታር እድሪስ ጨረሰ። ፋራህ ብር፤ ዮሚፍ አራተኛ። የሞስኮው ውል በአጭሩ ተደግሞ ታየ፤ ሙክታር መስመሩን ሲያልፍ እጁን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ የፋራህን ምልክት አሳየ። ቀጀልቻ ግን ከሜዳልያ መድረኩ በታች ቀረ።

ከሰባት ዓመት በኋላ፣ ሐምሌ 26 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ፓሪስ ኦሊምፒክ፣ አሥር ሺህ ሜትር። ያው ዮሚፍ ቀጀልቻ፣ በሪሁ አረጋዊና ከዚያ በፊት በነበረው የቶኪዮ ኦሊምፒክ የርቀቱ አሸናፊ ሰለሞን ባረጋ። ሦስቱም በጥሩ አቋም ላይ ናቸው። ዕቅዱ ግልጽ ነበር፤ የኡጋንዳው ጆሹዋ ቼፕቴጌ በቀስታ ሩጫ እንዳይጠብቃቸው ከመነሻው ማፍጠን። እየተቀባበሉ መሩ። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል፤ ለዓይን ውብ ነበር። የቀነኒሳ የቤጂንግ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን 27 ደቂቃ ከ1 ሰከንድ ከ17 ማይክሮ 16 ዓመት ቆይቶ ነበር፤ በዚያ ምሽት 13 ሰዎች ከሱ በታች ገቡ። 13 ሰው ማለት ግን 13 ሰው ተመችቶት ነበር ማለት ነው። ቼፕቴጌ ያለ ሥራ ተከትሎ ቆይቶ በመጨረሻው ዙር ወጣና በ26 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ከ14 ማይክሮ ወርቁን ወሰደ። በሪሁ ከኋላ ተነሥቶ በመጨረሻው መቶ ሜትር ብሩን ነጠቀ፤ አሜሪካዊው ግራንት ፊሸር ከሱ በ2 መቶኛ ሰከንድ ዘግይቶ ሦስተኛ። ዮሚፍ ስድስተኛ፣ ሰለሞን ሰባተኛ።

ብዙ ሰው አሰልጣኞቹን ወቀሰ። እኔ የማየው ስህተት አንድ ነው። የሥራው ክፍፍል እኩል ነበር፤ ችግሩም እኩል መሆኑ ነው። ሞስኮ ላይ ሦስቱ ሠርተዋል፣ ግን ምሩፅ ለመጨረሻው 300 ሜትር መቀመጡን የማያውቅ አልነበረም፤ መሐመድ ፈቀቅ ያለው ማን እንደሚያልፍ ስለሚያውቅ ነው። ሰንደኒ ላይ ኃይሌ የጎተተው ከኋላው ያለው ልጅ ማን እንደሆነ እያወቀ ነው። ፓሪስ ላይ ሦስት ጨራሽ ሦስት ጎታች ሆኖ ዋለ፤ አንዱን ለይቶ አንተ አትሥራ የሚል ድምፅ አልነበረም፣ ቢኖርም የሚሰማው አልተገኘም። የዛሬን ሯጭ ይህን አድርግ ብሎ ማዘዝ እንደ እነ ምሩፅ ዘመን ቀላል አይደለም፣ ያም እውነት ነው።

ከስምንት ቀን በኋላ እዚያው ከተማ ላይ ታምራት ቶላ ማራቶኑን አሸነፈ። ታምራት የተጠባባቂ ነበር፤ የገባው ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲወጣ ነው። በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰበረ። ከአበበና ከማሞ ሜክሲኮ በኋላ በማራቶን እንዲህ ያለ ሥራ ቅብብል አልታየም፤ ልዩነቱ ሲሳይ ቦታውን የለቀቀው ሩጫው ሳይጀመር መሆኑ ነው።

በመስከረም 2018 ዓ.ም. የዓለም ሻምፒዮና ቶኪዮ ላይ ሆነ፤ ሙቀቱ ከባድ ነበር። በአሥር ሺህ ሜትሩ ማንም ከፊት ሊወጣ አልፈለገም፤ የፓሪሱ ምሽት ያልተረሳቸው ኢትዮጵያውያንም ከዚያ ሌላ አላደረጉም። ሩጫው ተንቀራፎ ተንቀራፎ 28 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ ላይ አለቀ፤ ከፓሪሱ ከሁለት ደቂቃ በላይ የዘገየ። በመጨረሻው ቀጥታ ላይ ዮሚፍ ቀጀልቻ ቀድሞ ነበር። ፈረንሳዊው ጂሚ ግሬሲዬ ከጎኑ መጣና በ6 መቶኛ ሰከንድ ቀደመው።